ድስቱ ታጥቦ ነበር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባሕር ጉዳይ

ባለፈው እትም ስለ ቀይ ባሕር መብራቶች ጥቂት ጨዋታ ካወጋሁ ወዲህ የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ቀይ ባሕር አይደለም። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ስላለች ፍላናን የምትባል አንዲት ትንሽ የመብራት ማማ ነው። ለካ ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ በስልክ ለስልክ ሲዞር ከርሟል። ስለዚህ የዚህ ወር አምድ በሙሉ የፍላናን ነው። የአሰብ የወደብ ክሬኖችን የጠየቃችሁኝ ወዳጆች ለሚቀጥለው ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በስኮትላንድ አንድ ደሴት ላይ ሦስት የመብራት ጠባቂዎች ደብዛቸው ጠፋ የሚል ቪዲዮ አየን። ጠረጴዛ ላይ ግማሹ የተበላ ምግብ፣ የተገለበጠ ወንበር፣ የቆመ ሰዓት ተገኘ ይላል። በመዝገባቸውም ላይ «አለቃው ዝም ብሏል፣ ሌላው ያለቅሳል» የሚል ጽሑፍ ነበር አሉ። ባለቤቴ «ይሄ የሰው ሥራ አይደለም፣ ጋኔን ነው» ብላ ደመደመች። እርስዎ ባሕር ላይ የኖሩ ሰው ነዎትና እውነቱን ይንገሩን። (ከአዳማ)

መልስ፦ ልጄ፣ ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሦስት ሰዎች መጥፋታቸው እውነት ነው። ሰዓቱ መቆሙም እውነት ነው። ምግቡ፣ ወንበሩና የልቅሶው መዝገብ ግን ሌሎች ሰዎች ከጊዜ በኋላ የጨመሩት ነው። ጋኔኑን በተመለከተ መጨረሻ ላይ ራሳችሁ ፍረዱ።

መጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ሉዊስ የሚባል ደሴት አለ። ከሉዊስ ደግሞ ወደ ምዕራብ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍት ባሕር ከተቀዘፈ በኋላ የፍላናን ደሴቶች ይገኛሉ፤ መርከበኞች «ሰባቱ አዳኞች» ይሏቸዋል። ከእነሱ ወዲያ ያለው አሜሪካ ነው። ትልቋ ኤለን ሞር 16 ሄክታር ገደማ ናት፤ ዙሪያዋ ገደል፣ አናቷ ሣር፣ ከፍታዋ 88 ሜትር። ፍላናን የአየርላንድ ቅዱስ ስም ነው፤ የጥንት ጸሎት ቤት ፍርስራሽ እስከ ዛሬ አለ። የሉዊስ ሰዎች በጎቻቸውን በጀልባ ወስደው ለግጦሽ ይለቁባት ነበር እንጂ አይሰፍሩባትም። በበኩሌ አልፈርድባቸውም።

ሰው በማይኖርበት ቦታ መብራት ለምን? ከአሜሪካ ተነስተው በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ዞረው ወደ ምሥራቁ ዳርቻና ወደ ሰሜን ባሕር ለሚገቡ መርከቦች እነዚህ ዓለቶች መንገድ ላይ የተዘረጉ ናቸው። ቀናትን ያለ ፀሐይና ያለ ኮከብ፣ በግምት ብቻ ተጉዞ የመጣ ካፒቴን የመጀመሪያው «መሬት» በሌሊት የሚያገኘው ገደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሰሜን መብራት ማማዎች ቦርድ የሚባለው የስኮትላንድ መሥሪያ ቤት በ1895 እ.ኤ.አ. ግንባታ ጀመረ። ንድፉ የዴቪድ አላን ስቲቨንሰን ነው፤ ስቲቨንሰኖች ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የስኮትላንድን መብራቶች የሠሩ ቤተሰብ ናቸው። ማማው ራሱ ትንሽ ነው፣ 23 ሜትር ብቻ። አስቸጋሪው ማማው አልነበረም። እያንዳንዱ ድንጋይ፣ እያንዳንዱ ከረጢት 45 ሜትር በሚሆን ገደል ላይ ከጀልባ ተጎትቶ ነው የወጣው። አራት ዓመት ፈጀ። መብራቱ የበራው ታኅሣሥ 7 ቀን 1899 ነው፤ እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ወሮችና ዓመታት በፈረንጁ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ስለ መውረጃዎቹ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ደሴቲቱ ወደብ የላትም። ሁለት ማረፊያ ተሠራላት፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ፤ ነፋሱ ከወዲህ ሲመጣ በወዲያ ለመውረድ። ከማረፊያዎቹ ላይ በዓለቱ ውስጥ የተፈለፈለ ደረጃ ይወጣል፤ ዕቃ ደግሞ በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ፣ በእንፋሎት ሞተር በሚጎተት ገመድ ወደ ማማው ይወጣል። ከምዕራቡ ማረፊያ በላይ፣ ከባሕር ወለል 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ክሬን ቆሟል። ከክሬኑም በላይ፣ 33 ሜትር ላይ፣ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ገመዶችና የማረፊያ ዕቃዎች የሚቀመጡበት የእንጨት ሣጥን አለ። 33 ሜትር ማለት የአሥር ፎቅ ቤት ከፍታ ነው። ሣጥኑን እዚያ ያስቀመጠው ሰው ውኃ ይደርስበታል ብሎ አላሰበም።

በታኅሣሥ 1900 ደሴቲቱ ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው። ዋናው ጠባቂ ጄምስ ዱካት 43 ዓመቱ፣ በሙያው ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ፣ የአራት ልጆች አባት ነበር። ቶማስ ማርሻል የ28 ዓመት ወጣት፣ ያላገባ። ሦስተኛው ዶናልድ ማክአርተር ቋሚ ጠባቂ እንኳን አልነበረም፤ በሙያው ልብስ ሰፊ ሲሆን ቋሚው ሰው ስለታመመ ተተክቶ የገባ ነው። አራተኛው ባልደረባቸው ጆሴፍ ሙር ተራው ደርሶ ሉዊስ ላይ አርፎ ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን የመብራት ማማዎቹ ተቆጣጣሪ ሮበርት ሙርሄድ ደሴቲቱን ጎብኝቶ ሦስቱንም ጨብጦ ተሰናበተ። በኋላ በጻፈው ሪፖርት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የጨበጣቸው ሰው እሱ መሆኑን በሐዘን ያስታውሳል።

ታኅሣሥ 15 ቅዳሜ ነበር። በእኛ ታኅሣሥ 6 ቀን 1893 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል አምስት ዓመት እንኳን ሳይሞላ። በዚያች ሌሊት አርክተር የሚባል ከፊላደልፊያ ወደ ስኮትላንዱ ሌይዝ ወደብ የሚሄድ መርከብ በአካባቢው አለፈ፤ መብራቱ ጠፍቷል።

ሄስፐረስ የተባለችው የቦርዱ መርከብ ተረኛውን ሙርን ይዛ ደሴቲቱ ጋ የደረሰችው ታኅሣሥ 26 ነው። ሌላ ጊዜ መርከብ ሲመጣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ባዶ ሣጥኖች ማረፊያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። በዚያን ቀን አንዱም የለም። ካፒቴን ጄምስ ሃርቪ ፊሽካ አስነፋ፣ ሮኬት አስተኮሰ፤ መልስ የለም። ሙር ብቻውን በጀልባ ወርዶ ደረጃውን ወጣ። የግቢው በር ተዘግቷል፣ የቤቱም በር ተዘግቷል። ወጥ ቤቱ ገብቶ ሲያይ እሳት ከተለኮሰ ቀናት ሆኖታል። አልጋዎቹ ጠዋት ከላያቸው እንደተነሱባቸው ናቸው። ሰው የለም።

ይሄኔ ነው የቪዲዮው ምግብና ወንበር የሚመጣው። ሙር ራሱ ከሁለት ቀን በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ያለው ግን ሌላ ነው፦ የወጥ ቤቱ ዕቃ ሁሉ በጣም ንጹሕ ነበር፤ ስለዚህ የወጡት ምሳ በልተው ካበቁ በኋላ መሆን አለበት። ድስቱ ታጥቦ ነበር፣ ልጄ! ግማሹ የተበላው ምግብና የተገለበጠው ወንበር ተሰራጭቶ የቀረው በ1912 ከታተመ አንድ የእንግሊዝኛ ግጥም ነው። ገጣሚ የፈለገውን ማዕድ የመዘርጋት መብት አለው። ያንን ምስክርነት አድርጎ የሚያወራው ሰው ነው ያጠፋው።

ሰዓቱስ? ካፒቴን ሃርቪ በዚያው ዕለት ማታ በላከው ቴሌግራም (የዛሬው የስልክ ቴሌግራም ሳይሆን በሽቦ የሚሄደው) ሰዓቶቹ ቆመው እንዳገኙ ይናገራል። ድንቅ ነገር አድርጎ አይደለም ያነሳው፤ አደጋው ከደረሰ ሳምንት ያህል እንደሆነው ለማሳየት ነው። የሚሞላው ሰው ያጣ የግድግዳ ሰዓት ይቆማል።

አሁን ወደ መዝገቡ። በቪዲዮው የተነበበላችሁ «አለቃው ዝም ብሏል፣ ማክአርተር ያለቅሳል» የሚለው ጽሑፍ በ1929 በአንድ የአሜሪካ ርካሽ መጽሔት ላይ ብቅ ያለ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሔቱን መፈለግ እንኳን አያስፈልግም፤ መዝገብ ይዞ የሚያውቅ ሰው በአንድ ንባብ ያውቀዋል። እኔ የመርከብ መኮንን ሳለሁ በየተረኛ ሰዓቱ መዝገብ ሞልቻለሁ። የሚጻፈው የነፋስ አቅጣጫና ብርታት፣ ባሮሜትር፣ የባሕሩ ሁኔታ፣ እይታ፣ የተሠራ ሥራ ነው። ካፒቴኑ ኩርፊያ ላይ ነው ብሎ የጻፈ ረዳት መኮንን በሚቀጥለው ወደብ ሻንጣውን ይዞ ይወርድ ነበር። ማርሻል አለቃው ዱካት የሚያነበውን፣ መሥሪያ ቤቱም የሚመረምረውን መዝገብ የስሜት ማስታወሻ አያደርገውም።

እውነተኛው መዝገብ ከዚህ የበለጠ ይናገራል። ተቆጣጣሪው ሙርሄድ ታኅሣሥ 29 ደሴቲቱ ላይ ወጥቶ መረመረ። በደብተሩ ላይ እስከ 13 ድረስ ተጽፏል። የ14 እና የ15 ቀን ጠዋት 3 ሰዓት የባሮሜትር፣ የሙቀትና የነፋስ ልክ ደግሞ በኋላ ወደ ደብተር ለመገልበጥ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሰፍሯል። መብራቱ ተጠርጎ፣ ክሩ ተስተካክሎ፣ ላምባው ተሞልቶ፣ ሌንሱ ተወልውሎ ለማታ ተዘጋጅቷል። ይህ የጠዋት ሥራ ነው። ማታ ግን አልበራም፣ አርክተር ጨለማ ሆኖ አይታዋለች። እንግዲህ አስሉት፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ምሳ ተበልቶ ዕቃ ከታጠበ በኋላ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት። በዚያ አገር በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከ9 ሰዓት ተኩል ብዙም አታልፍም። የቀረን የሁለት፣ ቢበዛ የሦስት ሰዓት ክፍተት ነው። ይህን ያህል ጥርት ያለ ሰዓት ያለው ነገር «ምስጢር» ሲባል ይገርመኛል።

ሙርሄድ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ምዕራቡ ማረፊያ ወረደ። ክሬኑ እንደታሰረ ነው፣ ምንም አልሆነም። ከክሬኑ በላይ፣ ከባሕሩ 33 ሜትር ላይ የነበረው ሣጥን ግን የለም! ገመዶቹ ወደታች ወርደው ክሬኑ ዙሪያ ተበታትነዋል። የብረት መደገፊያው ተጣምሟል፣ ከቦታውም ተነቅሏል። አንድ ቶን የሚያህል ድንጋይ ተፈንቅሏል። የሕይወት አድን ቀለበቱ ከተሰቀለበት ጠፍቷል፤ ያሠረው ገመድ ሳይፈታ የሸራው ቁራጭ ገመዱ ላይ ቀርቷል፤ ማለትም ሰው አላነሳውም፣ ውኃ ነው ገንጥሎ የወሰደው። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከባሕሩ 60 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የገደሉ አናት ሣር ከነአፈሩ ተገፎ ነበር። ይህን ቁጥር ስታነቡ ትንሽ ቆም በሉ። ስድሳ ሜትር።

ውኃ እንዴት እዚያ ይደርሳል ካላችሁ፣ በደሴቲቱ ዳር ጠባብና ረጃጅም የገደል ስንጥቆች አሉ። ከአትላንቲክ መሐል ተነስቶ ያለ ማቆሚያ የመጣ ማዕበል እዚያ ውስጥ ሲገባ መሄጃ ያጣል፤ ጀበና ሲገነፍል በአንገቱ እንደሚወጣው በጠባቡ ተገፍቶ ወደ ላይ ይወረወራል። እኛ መርከበኞች «ስዌል» የምንለው ረጅም ማዕበል አለ፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ከሩቅ ከተነሳ ወጀብ የሚመጣ። ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ላይ ፀሐይ ወጥቶ፣ ነፋስም ጸጥ ብሎ፣ መርከባችን ከጭነቷ ጋር ስትነሳና ስትወርድ አይቻለሁ። ዓለት ላይ የቆመ ሰው ይህን አያየውም። አሥር ማዕበል እግሩ ሥር ይሰበራል፣ አሥራ አንደኛው ከራሱ በላይ ይመጣል።

ልብሳቸውም ይመሰክራል። ዱካት ቦት ጫማውንና ውኃ የማያስገባ ካፖርቱን ለብሷል። ማርሻልም ቦቱንና የሸራ ልብሱን። ሁለቱም እነዚህን የሚለብሱት ወደ ማረፊያው ሲወርዱ ብቻ እንደነበር ሙር ተናግሯል። የማክአርተር ካፖርት ግን ማንጠልጠያው ላይ ነው። ሦስተኛው ሰው በታኅሣሥ ብርድ በሸሚዝ ወጥቷል።

የሙርሄድ ፍርድ ይህ ነው፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑንና ገመዶቹን ለማዳን ወደ ምዕራቡ ማረፊያ ወረዱ፤ ያልተጠበቀ ትልቅ ማዕበል ከቆሙበት በላይ ወጥቶ ሲመለስ ጠርጎ ወሰዳቸው። ነፋስ ገፍቷቸው ይሆን ብሎም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የሰሞኑ ነፋስ ከምዕራብ ስለነበር ሰውን ወደ ደሴቲቱ ውስጥ እንጂ ወደ ባሕሩ አይገፋም ብሎ ጣለው። እንዲህ ያለ መርማሪ ነው የምወደው።

ሸሚዙን ሪፖርቱ አልፈታውም። የእኔን ግምት ከፈለግህ፣ መብራት ያለ ጠባቂ አይተውም፤ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ለብሰው ወርደዋል፣ ልብስ ሰፊው ቤት ቀርቷል። ከዚያ አንዱ በውኃ ሲወሰድ ሌላው እየሮጠ ወጥቶ ጠራው፣ ወይም እሱ ራሱ ከላይ ሆኖ አየ። ካፖርት ለመልበስ ጊዜ አልነበረም። ሁለት ሆነው ሲወርዱ ቀጣዩ ማዕበል መጣ። «በሩጫ የወጣ ሰው በርና አጥር ይዘጋል ወይ?» የሚሉ አሉ። ነፋስ በማያርፍበት ደሴት የኖረ ሰው እጁ በልማድ ይዘጋል፤ እኔ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ጡረታ ወጥቼ እንኳን ያለፍኩበትን በር ሁሉ እንደ መርከብ በር ስቀረቅር ልጆቼ ይስቁብኛል።

አስከሬናቸው አልተገኘም። በዚያ ባሕር መገኘቱ ነበር የሚያስገርመኝ።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው ወደብ ላይ ነው፤ አንድ መርከብ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ አምስት ሰው ይደውላል። መብራት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ እንዴት ማንም አላወቀም? (ከአሽዶድ፣ እስራኤል)

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽ የቪዲዮው ባለቤት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው። በ1900 ደሴቲቱ ላይ ሽቦም ሬዲዮም የለም። ማርኮኒ ሬዲዮን ከአትላንቲክ ወዲያ ማዶ ያሰማው ከዚህ አደጋ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የፍላናን ጠባቂዎች በሬዲዮ ከየብስ ጋር መነጋገር የጀመሩት በ1925 ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ዘዴ ሉዊስ ላይ አንድ ሰው ቀጥሮ በዓይን ማስጠበቅ ነበር፦ በሌሊት ብርሃኑን፣ በቀን ከደሴቲቱ የሚሰጠውን ምልክት። ርቀቱ 32 ኪሎ ሜትር፣ ወሩ ታኅሣሥ፣ አየሩ ጉም። ያ ሰው መብራቱን ለቀናት አለማየቱ የተለመደ ነው፤ ከመጥፋቱ በፊትም አራት ቀን በተከታታይ ሳያየው ቀርቶ ነበር። የማይታይና የሌለ መብራት ከሩቅ ሆኖ መለየት አይቻልም።

አርክተር ያየችውን ይዛ ታኅሣሥ 18 ሌይዝ ገባች። ወሬው ግን ቦርዱ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ። ቢደርስም ሰዎቹን አያተርፋቸውም ነበር፤ ጉዳቱ የሌሎች መርከቦች ነው፣ ከዚያ በኋላ እንዳለ ቆጥረው ለመጡት። ለመርከበኛ ከሌለ መብራት ይልቅ ካርታው ላይ «አለ» ተብሎ የጠፋ መብራት ነው የሚያስፈራው።

ሄስፐረስ በየሁለት ሳምንቱ ተረኛ ትቀይር ነበርና ታኅሣሥ 20 መነሳት ነበረባት። አየሩ ስድስት ቀን አገታት። ልብ በይ፣ ያገታት ያው ሦስቱን የወሰደ የአትላንቲክ ክረምት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በዚያች ታኅሣሥ 26 ምሽት ካፒቴን ሃርቪ ሙርን፣ የቦይ (በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የመንገድ ምልክት) ኃላፊውንና ሁለት መርከበኞችን ደሴቲቱ ላይ ትቶ ሄደ፤ መብራቱን እንዲያበሩ። የጓደኞቹን ባዶ አልጋ ገና ከሰዓታት በፊት ያየው ሙር በዚያው ቤት አደረ፣ መብራቱም በዚያው ሌሊት በራ። በቪዲዮው ውስጥ ይህ የለም፤ ለእኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ሰው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሲያትል አካባቢ ብዙ ትንንሽ የመብራት ማማዎች አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ካፒቴኑ የትኛው መብራት እንደሆነ በምን ያውቃል?» ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። (ከሲያትል)

መልስ፦ ለልጅህ እንዲህ በላት፦ እያንዳንዱ መብራት የራሱ ጠባይ አለው። ፍላናን በየ30 ሰከንዱ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ይጨልማል። ጎረቤቱ የሆነ መብራት ያንኑ አይደግምም። መኮንኑ የእጅ ሰዓቱን ይዞ ብልጭታውን ይቆጥራል፣ የመብራቶች ዝርዝር የሚባለውን መጽሐፍ ይገልጣል፣ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዓት ስጣትና ትቁጠር፤ ልጆች ከአዋቂ የተሻለ ይቆጥራሉ።

ብልጭታው ግን መብራቱ እየበራና እየጠፋ የሚመጣ አልነበረም። በዱሮው ማማ ላምባው ሌሊቱን ሙሉ እኩል ይነዳል፤ የሚዞረው በዙሪያው ያለው የመስታወት ሌንስ ነው። ሌንሱ ብርሃኑን እየሰበሰበ በጥቂት ጨረሮች ይልከዋል፣ ጨረሩ በአንተ በኩል ሲያልፍ ብልጭታ ሆኖ ታየዋለህ። ይህን ሌንስ የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ኦጉስታን ፍሬኔል ነው፤ በ1823 ኮርዱዋን በሚባለው የፈረንሳይ መብራት ላይ ተገጠመ። ከዚያ በፊት በመስታወት ፈንታ የተወለወለ ብረት ከኋላ እያቆሙ ነበር፣ አብዛኛው ብርሃን ይባክናል።

የሚያዞረው ደግሞ ክብደት ነው። ከባድ ብረት በማማው መሐል በሰንሰለት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ማሽኑን ያንቀሳቅሳል፤ ሲያልቅ ጠባቂው በእጁ አሽከርክሮ መልሶ ያወጣዋል። ሌሊቱን ሙሉ። ስለዚህ ጠባቂዎች በተራ ነው የሚተኙት። ፍላናን ላይ ላምባው በዓመት ሃያ በርሜል ያህል ነበር፣ ያ ሁሉ በዚያ ገደል ላይ ተጎትቶ ይወጣል።

ወጪውን ማን ይችለዋል ላልከው ሁለተኛ ጥያቄህ፣ መርከቦች ራሳቸው ናቸው። በእንግሊዝ ወደቦች የሚገባ መርከብ የመብራት ክፍያ የሚባል ይከፍላል። የእኛም የኢትዮጵያ ንግድ መርከቦች ቡናና ቆዳ ጭነው ሲገቡ ይከፍሉ ነበር። የወደብ ወኪሉ ሂሳቡን ሲያመጣ ያጉረመረመ ካፒቴን አላየሁም፤ በሌላ ሂሳብ ሁሉ ግን ያጉረመርማሉ።

እኛ ደግሞ ከአሰብ ወደ ስዌዝ ስንወጣ የምናልፋቸው ዴዳለስና ወንድማማቾቹ የሚባሉት መብራቶች ነበሩ፤ ዙሪያቸው ምንም የሌለ፣ ከባሕሩ መሐል ከኮራል ላይ የበቀሉ ማማዎች። ሌሊት ከሩቅ ሲታዩ ተረኛው መኮንን ከካርታው ጋር አመሳክሮ ቦታውን ያርማል፣ ሻይ ያዛል። የፍላናን ጠባቂዎች ሥራቸው ይህ ነበር፦ የማያውቁት ሰው ሻዩን በሰላም እንዲጠጣ።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ እያለ እነዚህ ማማዎች አሁን ሙዚየም ከመሆን ሌላ ምን ይሠራሉ? (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

መልስ፦ ጂፒኤስ ይሳሳታል፣ ይታወካል፣ በሌላ ምልክት ይሸፈናል፤ በቅርብ ዓመታት በቀይ ባሕርና በጥቁር ባሕር ያሉ መርከቦች ስክሪናቸው ላይ ራሳቸውን የብስ ላይ ሲያገኙ ቆይተዋል። በዓይንህ የምታየውን መብራት ግን ማንም ከሩቅ ሆኖ አያጭበረብርህም። ወጣት መኮንኖች ስክሪን ብቻ ሲያዩ ሳይ መስኮቱን አሳያቸው ነበር። እርጅና ነው ካልክም አልከራከርህም።

ፍላናን አሁንም ይሠራል። መስከረም 1971 ላይ በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ተደረገና የመጨረሻዎቹ ጠባቂዎች ወረዱ። ጥገና ሲያስፈልግ ሠራተኛ በሄሊኮፕተር ይሄዳል፤ ማረፊያዎቹን መጠቀም ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሰው መጎብኘት ይችላል? (ከለንደን)

መልስ፦ በፈረንጆቹ በጋ ከሉዊስ በጀልባ የሚወስዱ አሉ። ደሴቲቱን መዞር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ መውረድ ግን በዕለቱ ባሕር ይወሰናል፣ ባለ ጀልባው «ዛሬ አይሆንም» ካለህ አትለምነው። በግንቦትና በሰኔ ከሄድክ ፓፊን የሚባሉትን ባለ ቀለም አፍ ወፎች ታያለህ፤ ወፍራም ሹራብ ያዝ።